የልጅ የመኪና መቀመጫ፡- መቼ ይገዛል? መቼስ ይለወጣል?

ለልጁ ጫማ የሚገዛ ወላጅ «ያድግበታል» ብሎ አንድ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ቢገዛ የሚወቅሰው የለም፡፡ ጉዳቱ ቢበዛ ልጁ ጥቂት ጊዜ መደናቀፉ ነው፡፡ ለመኪና የሚሆን የልጅ መቀመጫ ሲገዛ ግን «ያድግበታል» የሚለው ሒሳብ አይሠራም፡፡ ልጁ ያልደረሰበት መቀመጫ በግጭት ጊዜ ልጁን የማይዝ ዕቃ ነው፡፡ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ጥበቃው ግን የለም፡፡

የሕፃናት ዕቃ መደብር ገብቶ መቀመጫ የሚጠይቅ ሸማች ብዙውን ጊዜ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል፡፡ ዕድሜ ግን አመልካች እንጂ መለኪያ አይደለም፡፡ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ናቸው፡፡ የልጁ ክብደት ስንት ነው? ቁመቱስ? መቀመጫው የሚገጠመው በምን ዓይነት መኪና ላይ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይይዙ ገበያ መውጣት ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ይቆጠራል፡፡

እቅፍ ለምን አይበቃም?

እናት ሕፃኗን አቅፋ በፊተኛው ወንበር መጓዟ በከተማችን የተለመደ ነው፡፡ ከእናት እቅፍ የተሻለ ቦታ የለም የሚለው እምነት ቤት ውስጥ እውነት ነው፡፡ መኪና ውስጥ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፡፡

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡ ይህ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለውን ሰው ለማስቆም የሚያስፈልገው ኃይል የሰውየውን ክብደት 14 ጊዜ ያህል ይሆናል፡፡ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ለዚያች ቅጽበት 140 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፡፡ አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጭነት በሁለት እጇ የምታስቀር እናት አትገኝም፡፡ ልጁን ጭን ላይ አድርጎ ሁለቱንም በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል፡፡

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እንደሚለው፣ በቤት መኪና ውስጥ በአግባቡ የታሰረ የልጅ መቀመጫ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የሞት አደጋ በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል፡፡ «በአግባቡ የታሰረ» የምትለዋ ቃል ልብ ትባልልን፡፡

አራቱ ደረጃዎች

ልጅ ከልደት ጀምሮ የአዋቂ ቀበቶ እስኪበቃው ድረስ በአራት ደረጃዎች ያልፋል፡፡ ወላጅ ልጁ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሲያልፍ እንደ እድገት አይቶ ይደሰታል፡፡ ከጥበቃ አንፃር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፡፡ እያንዳንዱ ሽግግር ልጁ ሲያገኝ ከነበረው ጥበቃ ጥቂት ይቀንሳል፡፡ ስለሆነም ደንቡ አንድ ነው፤ የያዙት መቀመጫ የሚፈቅደው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ አለመቸኮል፡፡ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

አንደኛው ደረጃ ፊትን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ መቀመጥ ነው፡፡ የአራስ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ይይዛል፤ አንገቱ ግን ገና አልጠነከረም፡፡ ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ መኪናው ቢጋጭ፣ አካሉ በማሰሪያው ተይዞ ሲቀር ከባዱ ጭንቅላት አንገቱን ይዞ ይወረወራል፡፡ ፊቱ ወደ ኋላ ሲሆን ግን ጀርባው፣ አንገቱና ጭንቅላቱ በአንድነት በመቀመጫው ድጋፍ ላይ ያርፋሉ፡፡ ቮልቮ ኩባንያ ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የልጅ መቀመጫ ለገበያ ያቀረበው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በስዊድን ልጆች እስከ 4 ዓመት ገደማ እንዲህ መጓዛቸው የተለመደ ነው፡፡ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ቀድሞ ያስቀመጠውን የ2 ዓመት ገደብ አንስቶ፣ መቀመጫው እስከፈቀደ ድረስ ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጥ ብሏል፡፡

«እግሩ ተጣጠፈ፤ ጠበበው» የሚለው የወላጆች ስጋት መቀመጫውን ለማዞር ምክንያት አይሆንም፡፡ ልጅ እግሩን አጣጥፎ ለመቀመጥ አይቸገርም፡፡ ጊዜው መድረሱ የሚታወቀው ክብደቱ በመቀመጫው ላይ ከተጻፈው ሲያልፍ፣ ወይም አናቱ ከመቀመጫው የላይኛ ጫፍ በ2 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ሲቀር ነው፡፡

ሁለተኛው ደረጃ ፊትን ወደ ፊት አድርጎ ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ መታሰር ነው፡፡ ማሰሪያው ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ዳሌና የእግሮቹን መሐል ይይዛል፡፡ በዚህ ደረጃ ከመቀመጫው አናት የሚወጣ አንድ ተጨማሪ ጠፍር አለ፤ ከመኪናው ወንበር ኋላ ካለ መያዣ ጋር ሲታሰር የልጁ ጭንቅላት ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት ያሳጥራል፡፡ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ባለማወቅ ጠቅልሎ ይተወዋል፡፡ የትከሻው ማሰሪያ ፊት ወደ ኋላ ሲሆን ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ፊት ወደ ፊት ሲሆን ደግሞ እኩል ወይም ከፍ ብሎ መውጣት አለበት፡፡

ሦስተኛው ደረጃ ቡስተር የሚባለው ከፍ ማድረጊያ ነው፡፡ የራሱ ማሰሪያ የለውም፡፡ ሥራው ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ በትክክለኛው ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ የታችኛው ቀበቶ በሆድ ላይ ሳይሆን በታፋው መነሻ፣ የላይኛው በአንገት ላይ ሳይሆን በትከሻው መሐል፡፡ ሆድ ላይ ያረፈ ቀበቶ በግጭት ጊዜ የሆድ ዕቃን ይጎዳል፡፡ ቡስተር ሲገዛ ድጋፍ ያለው ይመረጣል፡፡ በአውሮፓ ደንብ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የሚፈቀዱ ድጋፍ የሌላቸው ቡስተሮች ከ125 ሳንቲ ሜትርና ከ22 ኪሎ በላይ ለሆኑ ልጆች ብቻ ናቸው፡፡

አራተኛው የመኪናው ቀበቶ ብቻውን የሚበቃበት ነው፡፡ መለኪያው 145 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ሲሆን፣ አማካይ ልጅ እዚህ የሚደርሰው 11 ዓመት አካባቢ ነው፡፡ ጀርባው ወንበሩን ተደግፎ ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ላይ ይታጠፋል ወይ? መንገዱን በሙሉ ሳይንሸራተት እንዲህ መቀመጥ ይችላል ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ ቡስተሩ ይቆይ፡፡ 13 ዓመት እስኪሞላው ድረስም ቦታው የኋላው ወንበር ነው፡፡

ኪሎው ስንት ይደርሳል?

የዓለም የጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ እንደሚያሳየው አማካይ ልጅ በ1 ዓመቱ 9 ኪሎ ከምናምን፣ በ2 ዓመቱ 12 ኪሎ፣ በ3 ዓመቱ 14 ኪሎ፣ በ5 ዓመቱ 18 ኪሎ ያህል ይመዝናል፡፡ ከዚህ አንፃር እስከ 13 ኪሎ ብቻ የሚይዘው ባለ እጀታ የአራስ መቀመጫ በክብደት ሲታይ ከ2 ዓመት በላይ የሚያገለግል ይመስላል፡፡ ሆኖም ቁመት ክብደትን ስለሚቀድም አብዛኛውን ጊዜ በ12 እና በ15 ወር መካከል ይጠባል፡፡ ሸማቹ ወደ መደብር ሲሄድ የልጁን የክትባትና የእድገት መከታተያ ካርድ ይዞ ቢሄድ ግምቱን በቁጥር መተካት ይችላል፡፡

መኪናዎ ምን ይቀበላል?

ከመግዛትዎ በፊት የኋላውን ወንበር ይፈትሹ፡፡ የመቀመጫ ልብስ የለበሰ ከሆነ ይግለጡት፤ የቀበቶው መቆለፊያ ከሥሩ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል፡፡ በወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መገናኛ ስንጥቅ ውስጥ ጣትዎን ሲከቱ በ28 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት የብረት ዘንጎች ካገኙ መኪናው አይሶፊክስ የሚባለው መያዣ አለው፡፡ በአሜሪካ ላች የሚባለው ይኸው ዓይነት ሲሆን፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቤት መኪናዎች ሁሉ አላቸው፡፡ ከዚያ የቆዩ መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፡፡ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የበዙትን የኤሌክትሪክ መኪናዎች የገዛ ሰውም ቢሆን በእጁ ፈትሾ ያረጋግጥ፡፡

መያዣው የሌለው መኪና ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፡፡ በመኪናው ቀበቶ የሚታሰር መቀመጫ በአግባቡ ከታሰረ የዚያኑ ያህል ያገለግላል፡፡ ስህተቱ በአይሶፊክስ ብቻ የሚገጠመውን ገዝቶ ቤት መግባት ነው፡፡ የአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች የኋላ መሐል ቀበቶ ወገብን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ቡስተር እዚያ አይቀመጥም፤ ቡስተር የትከሻና የወገብ ቀበቶ በአንድነት ይፈልጋል፡፡

አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ድርድር ይያዝ፡፡ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ መቀመጫ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይደረግም፡፡ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የመቀመጫውን ጀርባ፣ ማለትም የሕፃኑን ጭንቅላት ነው፡፡

ምልክቱን ማንበብ

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መቀመጫ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ምልክት ይኖረዋል፡፡ በአሮጌው ደንብ፣ በአር 44 የተሠራው የፈቃድ ቁጥሩ በ03 ወይም በ04 ሊጀምር ይገባል፡፡ አዲሱ፣ አር 129 የሚባለው ልጁን በዋናነት በቁመት የሚለካ ሲሆን፣ ፊቱን ወደ ኋላ ማድረግን ቢያንስ እስከ 15 ወር ያስገድዳል፡፡ በአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአር 44 መቀመጫ በአዲስነት መሸጥ ቀርቷል፤ ያለውን መጠቀም ግን አልተከለከለም፡፡ ስለዚህ በርካሽ የሚቀርብ የአር 44 መቀመጫ የግድ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ የተሠራበት ዓመት ይታይ እንጂ፡፡ የአሜሪካው የፌዴራል ደንቦችን ማሟላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ የቻይናው ደግሞ «ሲሲሲ» የሚል ምልክት አለው፡፡ ምንም ምልክት የሌለበት መቀመጫ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትራስ እንጂ መቀመጫ አይደለም፡፡

ያገለገለውስ?

ያገለገለ መቀመጫ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት መቀበል ቁጠባ ነው፤ ታሪኩ ከታወቀ፡፡ ከባድ ግጭት ውስጥ የነበረ መቀመጫ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይወሰድም፡፡ ማሰሪያው የተቆረጠ፣ ምልክቱ የተላጠ፣ መመሪያው የማይገኝም እንዲሁ፡፡ በፕላስቲኩ ላይ የተሠራበት ወይም የሚያበቃበት ዓመት ታትሞ ይገኛል፤ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ይሰጡታል፡፡ ባለቤቱን ከማያውቁት ሻጭ መግዛት ግን ታሪኩን ሳይሆን ወሬውን መግዛት ነው፡፡

የትኛው ነው ርካሹ?

የገበያው ዋጋ ስለሚለዋወጥ ለስሌት እንዲመች ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የአራስ መቀመጫው 12 ሺህ ብር፣ ከልደት ጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራውና 4 ዓመት የሚያገለግለው ደግሞ 24 ሺህ ብር ነው እንበል፡፡ በመደርደሪያው ላይ የመጀመሪያው በግማሽ ይረክሳል፡፡ በወር ሲሰላ ግን 15 ወር የሚያገለግለው የአራስ መቀመጫ በወር 800 ብር፣ ሁለተኛው በወር 500 ብር ይወጣበታል፡፡ የመጀመሪያውን የገዛም ከ15 ወር በኋላ ተመልሶ ገበያ መውጣቱ አይቀርም፡፡

ቤተሰቡ በ3 ዓመት ልዩነት ሁለተኛ ልጅ ካሰበ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፡፡ ትንሹ ሲወለድ ትልቁ ገና ትልቁን መቀመጫ አልለቀቀም፡፡ በአግባቡ የተቀመጠው የአራስ መቀመጫ ለሁለቱም 30 ወር ስለሚያገለግል ወጪው ወደ 400 ብር ይወርዳል፡፡ «ከልደት እስከ 12 ዓመት» እየተባለ የሚሸጠውም በዚሁ ዓይን ይታይ፤ የአገልግሎት ዘመኑ 10 ዓመት ከሆነ 12 ዓመት አያደርስም፡፡

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አስፈቅደው መቀመጫውን በራስዎ መኪና ላይ ይሞክሩት፡፡ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲነቀንቁት ከ2 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም፣ ወይም ለመኪናዎ አይሆንም፡፡ ልጁን አስቀምጠው ሲያስሩትም በትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ማጠፍ ከቻሉ ላልቷል፤ ያጥብቁት፡፡ ወፍራም ካፖርት ወይም ጋቢ ከማሰሪያው ሥር አይሁን፤ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይደረብለት፡፡ ይህን የማያስሞክር መደብር ካጋጠመዎ ብርዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ይሂዱ፡፡