በአሥራ ሦስቱ የጸናች ዐለት

ፔኚስኮላ ከቫሌንሲያ በስተሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሜዲትራኒያን ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ትንሽ የስፔን ከተማ ናት። ስሟ ከላቲን የመጣ ሲሆን ልሳነ ምድር ማለት ነው። ነጫጭ ቤቶች፣ ዳገታማ መንገዶች፣ ዐሣ አጥማጆች አሏት፤ ይህን የሄደ ሁሉ ያየዋል።

ዐለቱ አናት ላይ፣ ከባሕሩ 64 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመውን ግንብ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጌም ኦፍ ትሮንስ የቴሌቪዥን ድራማ ብቻ ነው። በሩ ላይ ፎቶ ይነሣና ወደ አሸዋው ይወርዳል። እባካችሁ፣ ግቡ! ግንቡን ከ1294 እስከ 1307 እ.ኤ.አ. የሠሩት ቴምፕላሮች የተባሉት ወታደር መነኮሳት ናቸው፤ ነፍስ የዘራበት ግን በ1411 የገባው ፔድሮ ዴ ሉና፣ ማለትም ፓፓ ቤነዲክቶስ 13ኛ ነው። ሉና ጨረቃ ነውና ዓርማው የተገለበጠ ግማሽ ጨረቃ ነበር።

ስፔኖች ሐሳቡን አልለውጥም ያለን ሰው «በአሥራ ሦስቱ ጸና» ይላሉ፤ አባባሉ ከእሱ እንደመጣ ይነገራል። አስጎብኚዎችም ግትር ሽማግሌ አድርገው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውዬው ሞንፔሊየ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ያስተማረ ሊቅ ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በ1378 በሁለት ፓፓዎች ለሁለት ተከፈለች፤ ከዚያ ወዲህ ፓፓዎቹ ካጠራጠሩ፣ እነሱ የሾሟቸው ካርዲናሎችም ያጠራጥራሉ። እሱ ግን ካርዲናል የሆነው በ1375 ነው። ከክፍፍሉ በፊት ከተሾሙት በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ፓፓ ለመምረጥ የማያጠራጥር ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ክፍፍሉን ሊያበቃ የተሰበሰበው የኮንስታንስ ጉባኤ በ1417 ሻረው እንጂ ክርክሩን የረታው አይመስለኝም። በ1423 እዚያው ግንብ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ማዕረጉን አልለቀቀም።

ተተኪውም እስከ 1429 ቆየ። የእኛው የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች በ1420ዎቹ መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ ከአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ 5ኛ ጋር ሲገናኙ፣ ፔኚስኮላ ገና የራሷ ፓፓ ነበራት። ይህን ያወቅሁ ቀን ግንቡ ላይ ቆሜ የደቡቡን ዳርቻ በዓይኔ ስከተል ብዙ ቆየሁ።

ስትሄዱ በነሐሴ ግርግር አትሂዱ። ነፋስ የሚበረታበትን ወቅት ምረጡ፤ ያን ጊዜ ቡፋዶር በሚባለው የዐለቱ ስንጥቅ በኩል ማዕበሉ ከቤቶቹ መካከል እየጮኸ ሽቅብ ይረጫል።