በትሩና ቦታው፦ የተልእኮ ጨዋታ አሠራር ከጣርማ በር መልክዓ ምድር አንጻር

መግቢያ

በውጭ አገር የቤተሰብ ሪዞርቶች ውስጥ ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ከተለመዱት መዝናኛዎች አንዱ በ«ምትሃት በትር» የሚካሄድ የተልእኮ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ወላጆቹም አብረውት ይሰለፋሉ። በእጁ አንድ በትር ይዞ ከፎቅ ፎቅ፣ ከመተላለፊያ መተላለፊያ እየተዘዋወረ የተሰወሩ ነገሮችን ይፈልጋል። በትሩን ወደ አንድ ሣጥን አቅጣጫ ሲያወዛውዝ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ወደ ሥዕል ሲጠቁም ሥዕሉ ይናገራል፤ ወደ ድንጋይ ሲያመለክት ድንጋዩ ያበራል። አንዱ ግኝት ለሚቀጥለው ፍለጋ ፍንጭ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨዋታውን አሠራር መግለጽና ከአገር በቀል የጨዋታ ልማድ ጋር ማነጻጸር ነው። ለንጽጽሩ የተመረጠው ቦታ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ጣርማ በር፣ ከሥሩም እስከ ሸዋ ሮቢት የሚዘረጋው የይፋት ቆላ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የሪዞርት ግንባታ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ሐይቆች ዳርቻ ከተስፋፋ በኋላ የገደል አፋፍና የተራራ እይታ ያላቸው ቦታዎችም የባለሀብቶችን ዓይን መሳባቸው አይቀርም። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለልጆች የሚዘጋጀው ጨዋታ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚነሣ ሊሆን አይገባም።

የበትሩ አሠራር

በዘርፉ ስሙ የታወቀው «ማጂክዌስት» የተባለው ጨዋታ ነው። ያዘጋጀው ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በሚርትል ቢች ከተማ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ግሬት ዎልፍ ሎጅ በተባሉት የውኃ መዝናኛ ሆቴሎች ውስጥ ተስፋፍቷል። ተጫዋቹ በትሩን ይገዛል፤ ለመጫወቻ ጊዜውም ለብቻው ይከፍላል። በትሩ የራሱ ሆኖ ስለሚቀር በሌላ ጊዜ ይዞት ተመልሶ መጫወት ይችላል።

የበትሩ ውስጥ ሲታይ ምትሃቱ ቀላል ነው። ባትሪ፣ እንቅስቃሴን የሚለይ ዳሳሽ፣ እንዲሁም የኢንፍራሬድ ብርሃን አመንጪ አሉት። ኢንፍራሬድ ከቀይ ብርሃን በታች ያለ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሠራውም በዚሁ ነው። በትሩ ሲወዛወዝ ዳሳሹ ይነቃል፤ አመንጪውም የዚያን በትር መለያ ቁጥር በጨረር ይልካል። በሣጥኑ ወይም በሥዕሉ ውስጥ የተደበቀው ተቀባይ ቁጥሩን አንብቦ ወደ ማእከላዊ ኮምፒውተር ያስተላልፋል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ ተጫዋቹ የትኛውን ተልእኮ እንደ ጀመረና ምን እንደ ሰበሰበ ከመረጃ ቋቱ ያመሳክርና ሣጥኑ እንዲከፈት ወይም ዝም እንዲል ያዝዛል።

ከዚህ ገለጻ አንድ መሠረታዊ ነገር ይወጣል። በትሩ ራሱ ስለ ጨዋታው የሚያውቀው የለም፤ የሚናገረው «እኔ እገሌ ነኝ፤ እዚህ ነኝ» ብቻ ነው። ትውስታው በኮምፒውተሩ፣ ምላሹ ደግሞ በቦታው ዘንድ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ሣጥን ፊት ቆመው አንደኛው ሲከፈትለት ሌላው የማይከፈትለት የበትር ኃይል ስለሚለያይ ሳይሆን የተጓዙት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ይህ አሠራር የንግድ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ እስከ ክርክር ደርሷል። ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ በ2011 እ.ኤ.አ. የኔንቴንዶ ኩባንያ «ዊ» የተባለው መጫወቻ የፈጠራ መብቱን ጥሷል ሲል ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት ብሎ ነበር። ኮሚሽኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ለኔንቴንዶ ወሰነ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2014 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን አጸና። ሆኖም ሁለቱ መሣሪያዎች የሚፈጥሩት ጨዋታ የተለያየ ነው። የኔንቴንዶው መቆጣጠሪያ ተጫዋቹን በአንድ ማያ ገጽ ፊት ያቆመዋል፤ የተልእኮው በትር ግን በቤቱ ሁሉ እንዲዞር ያደርገዋል።

በትር በጨዋታ ውስጥ ያሉት ሦስት ሚናዎች

በትር በልጆች ጨዋታ ውስጥ አዲስ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ልማድ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሚናዎች አሉት። የመጀመሪያው በገና ጨዋታ የሚታየው ነው። ጫፉ የተቆለመመው በትር ሩሯን ይመታል፤ ውጤቱም በተጫዋቹ ጉልበት፣ ፍጥነትና ቅልጥፍና ይወሰናል። እዚህ በትሩ ኃይልን ያስተላልፋል።

ሁለተኛው ሚና ልጆች ሸምበቆ ወይም እንጨት በእግራቸው መካከል አድርገው «ፈረስ» ሲጋልቡ የሚታየው ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ባቀረበው ትምህርት በምሳሌነት የወሰደው ይህንኑ የእንጨት ፈረስ ነው። በእርሱ ትንታኔ መሠረት እንጨቱ ልጁ ትርጉምን ከዕቃው እንዲለይ የሚረዳ መሸጋገሪያ ነው፤ ልጁ በእንጨቱ አማካይነት ፈረስ የሌለበትን ፈረስነት ማሰብ ይጀምራል። እዚህ በትሩ ትርጉምን ይሸከማል፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ግን ልጁ ራሱ ነው።

የምትሃት በትር ሦስተኛውን ሚና ይይዛል፦ ማንነትን ያሳውቃል። ልጁ በጉልበቱ የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለም፤ ትርጉሙንም ቀድሞ የወሰነው የጨዋታው አዘጋጅ ነው። ለልጁ የሚቀሩለት ፍለጋው፣ የፍንጩ ፍቺና የጉዞው ድካም ናቸው። ስለዚህ የጨዋታው ጥራት በበትሩ ሳይሆን በሁለት ነገሮች ይመዘናል፤ እነርሱም ጥያቄው ምን ያህል ያሳስባል? ቦታውስ ምን ይመልሳል? የሚሉት ናቸው።

እንቆቅልሽ፦ መሣሪያ የማይሻ ተልእኮ

ጥያቄን ከጉዞና ከሽልማት ጋር ማስተሳሰር ለይፋትም ሆነ ለቀረው አማርኛ ተናጋሪ ኅብረተሰብ የቆየ ልማድ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል። ጥያቄው ይቀርባል፤ መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተጠያቂው አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ሄዶ እንደ ተሾመ፣ እንደ በላና እንደ ጠጣ ይተርክና መልሱን ይገልጣል።

የዚህ ጨዋታ መዋቅር ከተልእኮው ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ጉዞው በሐሳብ የሚደረግ ቢሆንም አገሩ እውነተኛ ነው፤ ልጁ ለመስጠት የአገር ስም ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ጨዋታው መልክዓ ምድርን ያስተምራል። ሁለተኛ፣ የጥያቄዎቹ መልሶች ከዕለት ኑሮ የሚቀዱ ናቸው፦ ወንዝ፣ ጥላ፣ እሳት፣ ወፍጮ፣ ንብ። መልሱን ያገኘ ልጅ ዘወትር የሚያየውን ነገር በሌላ ዓይን ያየዋል። ሦስተኛ፣ ማን ምን እንዳወቀ የሚያስታውሱት በእሳቱ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። በሪዞርቱ ጨዋታ የመረጃ ቋት የሚሠራውን ሥራ በእንቆቅልሽ ቤተሰብና ጎረቤት ይሠራዋል።

ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፉ ጨዋታ ከዕለት ኑሮ በተለየ ቦታና ጊዜ፣ በራሱ ሕግ እንደሚካሄድ ገልጿል። ሁለቱም ጨዋታዎች ይህን ክበብ ይሠራሉ። ልዩነታቸው ክበቡ ሲፈርስ በሚቀረው ነገር ላይ ነው። ከሪዞርቱ የወጣ ልጅ የሚከፍተው ሣጥን በሌላ ቦታ የለም፤ እንቆቅልሽ የተጫወተ ልጅ ግን በማግሥቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ መልሱን ያገኘዋል።

ጣርማ በር ምን ሊመልስ ይችላል?

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቦረቦረውና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የመኪና ዋሻው ይታወቃል። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ 1280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲቀንስ የአየር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚጨምር፣ ተጓዡ በአንድ ቁልቁለት ከ10 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት ያልፋል። ከላይ ገብስና ጅባራ፣ ከታች ማሽላና ማሾ ይታያሉ። አንድ የሪዞርት ሕንፃ በፎቆቹ ብዛት ሊሠራ የሚሞክረውን የትዕይንት ለውጥ ቁልቁለቱ ያለ ግንባታ ይሰጣል።

ለተልእኮ የሚሆኑ ጥያቄዎችም ከቦታው ራሱ ይፈልቃሉ። ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በዚህ አፋፍ ላይ አብረው ከወረዱ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች በምዕራብ በኩል ያረፈው ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ በምሥራቅ በኩል ያረፈው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባል። የመጀመሪያው መንገድ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል፤ ሁለተኛው ግን በአቤ ሐይቅ ስለሚያበቃ ባሕር አያይም። «ወንድማማቾች ሆነው አንዱ ባሕር የሚያይ፣ ሌላው ባሕር የማያይ» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ መልሱን ለማግኘት በአፋፉ በሁለቱም ወገን ቆሞ የውኃውን ፍሰት መመልከት ይኖርበታል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ቀን በደጋው መስክ ሣር ሲግጥ ውሎ ማታ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ገደሉ ለሰው ስጋት፣ ለጭላዳ ግን መጠለያ የሚሆንበትን ምክንያት መጠየቅ ልጁን ስለ አዳኝ አራዊትና ስለ ራስ ጥበቃ ወደ ማሰብ ይመራዋል።

ይሁን እንጂ የሪዞርቱን በትር እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከል አይቻልም። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ብዙ ኢንፍራሬድ ስላለው በሜዳ ላይ የተቀባዩ ክልል ያጥራል፤ ስሕተቱም ይበዛል። ጨዋታው በአመዛኙ በጣሪያ ሥር የሚካሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተጨማሪም ማእከላዊ ኮምፒውተሩ የማይቋረጥ መብራትና ኔትወርክ ይፈልጋል። የአፋፉ ጉምና ዝናብም ለተቀባዮቹ አይመችም።

መፍትሔው የረቀቀ መሣሪያ ላይሆን ይችላል። በካርታና በኮምፓስ በሚካሄደው የኦሪየንቲሪንግ ስፖርት ተወዳዳሪው በየጣቢያው የደረሰ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ለረዥም ዘመን ሲያገለግል የኖረው የካርድ መብሻ ነው፤ የእያንዳንዱ ጣቢያ መብሻ የራሱ ቅርጽ ስላለው ማታለል አይቻልም። በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጂኦካሺንግ የተባለው የተደበቀ ዕቃ ፍለጋም በጂፒኤስ እየተመራ መዝገብ ላይ በመፈረም ይጠናቀቃል። ካርዱም ሆነ ፊርማው የበትሩን ሥራ ያለ ባትሪ ይሠራሉ፦ «እገሌ እዚህ ደርሷል» ይላሉ።

የአፋፉ ባለቤትነትና የልጆች ደኅንነት

ቴክኒኩ ከተፈታ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች የበለጠ ይከብዳሉ። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። በሪዞርት ውስጥ ልጅ በትሩን እያየ ቢሮጥ የሚያጋጥመው ግድግዳ ነው፤ በጣርማ በር ግን ገደልና ከባድ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ዋሻውና አስፋልቱ ስለዚህ የተልእኮ ጣቢያ ሊሆኑ አይችሉም፤ ፍለጋው ከአፋፉ ጠርዝ በራቀና በታወቀ መንገድ ብቻ መካሄድ አለበት። ጭላዳን በምግብ ማባበልም የእንስሳውን ጠባይ ስለሚለውጥ በጨዋታው ሕግ መከልከል ይኖርበታል።

ሁለተኛው መረጃ ነው። የመረጃ ቋቱ አንድ ልጅ በየትኛው ሰዓት የት እንደ ነበረ ይመዘግባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው መዝገብ እንደ ቀላል የጨዋታ ውጤት ሊታይ አይችልም። በካርድ የሚካሄድ ጨዋታ ግን መዝገቡን በልጁ እጅ ይተወዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ቦታውን የማወቅ ባለቤትነት ነው። የአፋፉን መንገድ፣ የምንጩን ቦታና የጭላዳውን ውሎ ጠንቅቀው የሚያውቁት በዚያ ከብትና በግ ሲጠብቁ ያደጉ ልጆችና ታላላቆቻቸው ናቸው። አንድ ሪዞርት አፋፉን አጥሮ ለከፋይ እንግዳ ብቻ ተልእኮ ቢያዘጋጅ፣ መልሱን የሚያውቁት ልጆች ከአጥሩ ውጭ፣ ጥያቄውን የሚጠየቁት ከአጥሩ ውስጥ ይሆናሉ። በእንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» ሲባል የሚሰጠው አገር ጨዋታው ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በውል የተሰጠ መሬት ግን እንዲሁ አይመለስም። በመሆኑም የአካባቢው ወጣቶች በጥያቄ አዘጋጅነትና በመንገድ መሪነት የሚሳተፉበት አሠራር ለእነርሱ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ጨዋታው እውነተኛ መልስ እንዲኖረው የሚያስፈልግ ሁኔታ ነው።

ማጠቃለያ

የምትሃት በትር ጨዋታ የተሳካለት በትሩ ምትሃት ስላለው አይደለም። ልጅን ከመቀመጫው አስነሥቶ ከቦታ ቦታ ማዘዋወሩ፣ ቦታውም ለልጁ መልስ መስጠቱ ነው። መልስ የሌለው ሕንፃ መልሱን በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል፤ ጣርማ በርን የመሰለ ቦታ ግን ውኃው፣ እንስሳው፣ ሰብሉና መንገዱ ራሳቸው መልስ ናቸው። በጨዋታ ንድፍ፣ በቱሪዝምና በፎክሎር ዘርፎች ለሚመራመሩ ተማሪዎች ቀዳሚው ሥራ ስለዚህ መሣሪያ መምረጥ አይሆንም። በይፋት ደጋና ቆላ የሚነገሩ እንቆቅልሾችን ከሚመለከቱት ቦታ፣ ተክልና እንስሳ ጋር አዛምዶ መሰብሰብ ነው፤ ጥያቄዎቹ ከተሰበሰቡ ካርዱም ሆነ በትሩ ሊደርስ ይችላል።