ባትሪውን የጨረሰው ብርዱ ነው?

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሰላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደጅ ያደረ መኪና ማለዳ አልነሣ ሲል ጥፋቱ ወዲያው ብርዱ ላይ ይወድቃል። ከዚያም ከፍ በምትለው በቆጂ ፍርዱ ጨርሶ የማያጠያይቅ ይመስላል። ባለመኪናው «ደጋ ላይ ባትሪ አይበረክትም» ብሎ አዲስ ይገዛል። ይህ ፍርድ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በየጊዜው ገንዘብ ያስወጣል። ብርድ ባትሪውን ለጊዜው ያዳክመዋል እንጂ በውስጡ ያለውን ኃይል አያፈስም። ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪ ደጋግሞ ከወረደ መጠየቅ ያለበት ኃይሉ በየት በኩል እንደወጣ ነው፤ መልሱም በመለካት እንጂ በግምት አይገኝም።

የተለመደው የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ኃይሉ የሚመነጨው በእርሳስ ሰሌዳዎቹና በሰልፈሪክ አሲዱ መካከል ከሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ብርድ ይህን ለውጥ ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪው ሞተር የማስነሣት አቅሙን ሢሶ ያህል ያጣል። የሞተሩ ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ይብሳል። ነገር ግን ያው ብርድ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ኃይልም ያዘገያል። ሰሌዳዎቹን ቶሎ የሚበላውና ባትሪውን የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃቷ አዳማ የሚውል መኪና ባትሪው እዚያ ያረጃል፤ እርጅናው የሚታወቀው ግን ወደ ደጋው ሲመለስ ነው።

ዘመናዊ መኪና ቁልፉ ከወጣ በኋላም ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ኮምፒውተሩ፣ ሰዓቱና አላርሙ አብዛኛውን ጊዜ በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ይጠቀማሉ፤ ይህም ጤናማ ነው። 60 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ30 ሚሊአምፒር ፍሰት ሦስት ሳምንት ቢቆም የሚያጣው ሩቡን ያህል ነው። ፍሰቱ ግማሽ አምፒር ሲደርስ ግን በቀን 12 አምፒር-ሰዓት ይወጣል፤ በሁለት ቀን ተኩል የባትሪው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ለዚህ ትልቅ ብልሽት አያስፈልግም። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ የ5 ዋት አምፖል ብቻውን 0.4 አምፒር ይወስዳል። በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ቴፕ ወይም ጂፒኤስ፣ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ የተበላሸ የዲናሞ ዳዮድም እንዲሁ ያደርጋሉ። በግማሽ የቀረው ባትሪ አዳማ ላይ ሞተሩን ሊያስነሣ ይችላል፤ አሰላ ላይ በማለዳ ግን ያቅተዋል። ጥፋቱ ሁሉ ብርዱ ላይ የሚላከከው ለዚህ ነው።

ጥፋተኛውን ለመለየት የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ለጥቂት ሰዓታት ካሳረፉ በኋላ ቮልቱን መለካት፣ ኔጌቲቩን ነቅሎ ማሳደር፣ ጠዋት እንደገና መለካት ነው። ተነቅሎ እያለ በግልጽ ከወረደ ባትሪው ራሱ ታሟል፤ ሳይወርድ ካደረና ሲገጠም ብቻ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ መኪናው ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በብዙ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ደግሞ ዲናሞው በትክክል እየሞላ አይደለም። ፍሰቱን ለማግኘት ቁልፉ ይወጣል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ አምፒር የሚለካው መሣሪያ በኔጌቲቩ ዋልታና በተነቀለው ገመድ መካከል ይገባል። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቸኩሎ የለካ ጤነኛውን መኪና በሽተኛ ይለዋል። መሣሪያው በመስመር ላይ እያለ ሞተር ማስነሣት የመሣሪያውን ፊውዝ ያቃጥላል። ከዚያ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ በየትኛው ላይ ዝቅ እንደሚል ማየት ነው። በየትኛውም ካልወረደ ዲናሞውንና ከፊውዝ ሳጥኑ ውጪ የተቀጠሉ ገመዶችን መፈተሽ ይገባል።

«አዲስ ባትሪ ስገዛ ችግሩ ጠፋ» የሚል ሰው ያየውን ነው የሚናገረው። አዲሱ ባትሪ ሙሉና ጠንካራ ስለሆነ ፍሰቱን ለተወሰነ ጊዜ ይችለዋል፤ ነገሩ ግን በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ባትሪ ደጋግሞ እስከ ታች መውረድን አይችልም፤ ሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጠነክርና አቅሙን ይበላዋል። «ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ማስነሣት ይበቃል» የሚለውም በስሌት አይጸናም። ዲናሞው 20 አምፒር ቢልክ እንኳ በአሥር ደቂቃ የሚመለሰው ከ3 አምፒር-ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በግማሽ አምፒር ፍሰት በቀን የሚወጣው ግን 12 ነው።

ማታ ማታ ኔጌቲቩን መንቀል ለዕለት መኪና ችግሩን መሸሸግ ቢሆንም፣ ትክክለኛ መፍትሔ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እርሱም ለወራት በሚቆም የእርሻ መሣሪያ ላይ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ፣ አሰላና በቆጂ የሚገኙበት አርሲ በስንዴና በገብስ ሜካናይዜሽን ስሙ የሚነሣ ምድር ነው። ከአጨዳ በኋላ ለወራት የሚቆም ኮምባይነር ምንም ፍሰት ባይኖርበት እንኳ ባትሪው በራሱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሞልቶ፣ ነቅሎ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ለክቶ እንደገና መሙላት ዕድሜውን ያረዝምለታል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ለኮምፒውተርና ለመብራት 12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ከዚህ ጉዳይ አያመልጡም። የእርሳስ ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ያለ ጊዜው የተጣለ ባትሪ ጉዳቱ ከባለቤቱ ኪስ ያልፋል። ስለዚህ ባለመኪና ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ጋራዡን ይጠይቅ፦ ያረፈው ባትሪ ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ቮልት፣ መኪናው ሲተኛ የሚወጣው ሚሊአምፒር። እነዚህ ሳይለኩ የሚሸጥለት ባትሪ መፍትሔ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።