የበረሃ እባብም ይጠማል

የአሸዋ ቦአ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የተሳሳተ ምክር አብሮ ይዞ ይሄዳል፦ «የበረሃ እንስሳ ነው፤ ውሃ ብዙም አይፈልግም።» ምክሩ ለጎለመሰ እባብ እንኳ አይበጅም፤ ጥቂት ወራት ብቻ ለሆነው ግልገል ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። የበረሃ እንስሳ ያለችውን ጥቂት እርጥበት ፈልጎ የሚያገኝና ያገኛትን ቆጥቦ የሚይዝ ነው እንጂ ያለ ውሃ የሚኖር አይደለም። ሳጥን ውስጥ ስናስገባው ፍለጋውን ከልክለነዋል፤ ስለዚህ እርጥበቱን የማቅረቡ ኃላፊነት በእኛ ላይ ይወድቃል።

እባቡን እንወቀው

በየቤቱ ከሚያድጉት የአሸዋ ቦአዎች በስፋት የሚታወቀው የኬንያ የአሸዋ ቦአ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪክስ ኮሉብሪነስ ይባላል፤ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረውም ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነው። የኬንያ ይባል እንጂ አገሩ ሰፊ ነው፤ ከግብፅና ከሱዳን አንሥቶ ኤርትራን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን አልፎ እስከ ታንዛኒያ ባለው ደረቅ ቆላ ይኖራል። በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ ያለ የሐበሻ ልጅ ከእንስሳት መደብር የሚያመጣው ይህ እባብ እንግዲህ የወላጆቹ አገር ተወላጅ ነው።

መርዝ የለውም። አፍንጫው እንደ ማረሻ ጫፍ አፈሩን ሰንጥቆ ይገባል፤ ትናንሽ ዓይኖቹ ወደ ላይ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ገላውን ቀብሮ እያደባ አካባቢውን ያያል። ሴቷ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስትረዝም ወንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። እናቲቱ እንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቿን በሕይወት ትወልዳለች። ሲወለዱ ርዝመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 10 ግራም አካባቢ ነው። በደንብ ከተያዙ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራሉ።

ግልገሉ ለምን ቶሎ ይደርቃል?

ስስ ቂጣ ከድፎ ዳቦ ቀድሞ ይደርቃል። ትንሽ ገላም እንዲሁ ነው፤ ከያዘው ውሃ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ቆዳው ሰፊ ነው። ውሃው በቆዳው በኩል ይተናል፣ በትንፋሹ ይወጣል፣ ከዓይነ ምድሩም ጋር ይሄዳል። ትልቁ እባብ ለሳምንት የሚችለውን ድርቀት 10 ግራም የምትመዝን ግልገል በጥቂት ቀናት ውስጥ ትጎዳበታለች።

በትውልድ ቦታው ፀሐይ ስትበረታ እባቡ ወደ ታች ይቆፍራል፤ ወይም ድንጋይ ሥር ይገባል፤ ወይም የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ይጠለላል። መሬቱ ወደ ታች በተኬደ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ጥቂት እርጥበትም ይይዛል። በሳጥን ውስጥ ግን ይህ ሕግ ሊገለበጥ ይችላል። ብዙ አሳዳጊዎች የሙቀት ምንጣፍ ከሳጥኑ ሥር ያነጥፋሉ። እባቡ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲቆፍር ወደ ባሰው ሙቀት ይጠጋል፤ ደመ ነፍሱ የሚነግረውና ሳጥኑ የሚሰጠው ይጋጫሉ። ስለዚህ የአያያዙ ዋና መመሪያ አንድ ነው፦ እባቡ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ። ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ደረቅና እርጥብ ቦታ በአንድ ሳጥን ውስጥ ካገኘ የሚበጀውን ያውቃል።

ሳጥኑን ማዘጋጀት

ለግልገል በጣም ሰፊ ሳጥን አያስፈልግም፤ በደንብ የሚዘጋና አየር የሚያስገባ መሆኑ ይበልጣል። ሙቀት የሚሰጠው ምንጣፍ ከወለሉ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሸፍን፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታትም ይገጠምለት። በሙቁ በኩል ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በቀዝቃዛው በኩል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ጥሩ ነው። እባቡ ከሥር ስለሚውል ሙቀቱ መለካት ያለበት ግልገሉ የሚተኛበት ወለል ላይ ነው፤ የላይኛው አየር ብቻ ሲለካ ከታች ያለው ቃጠሎ ሳይታወቅ ይቀራል።

ስሙ የአሸዋ ቦአ ስለሆነ አሸዋ መሙላት የግድ አይደለም። ደቃቅ አሸዋ ከምግብ ጋር ተውጦ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፤ እርጥበትንም አይዝም። የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ እባቡ እንደ ልቡ ይቆፍርበታል። የዝግባና የጥድ ፍቅፋቂ የሚያወጣው ጠረን ሳንባውን ስለሚጎዳ መወገድ አለበት፤ አቧራ የበዛበት ሰጋቱራም እንዲሁ።

የመጠጥ ውሃው ዕቃ ትንሽ፣ ጠለቅ ያላለና በቀላሉ የማይገለበጥ ይሁን። ቦታው በቀዝቃዛው በኩል ነው፤ ሙቁ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ቶሎ እየተነነ ሳጥኑን በሙሉ ያጨቀያል። እባቡ እየቆፈረ ፍቅፋቂ ስለሚደፋበት በየቀኑ ይታይ፤ ውሃው ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። ሲጠጣ አላየነውም ብሎ ዕቃውን ማንሣት ስሕተት ነው፤ ይህ እባብ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው እኛ በተኛንበት ሰዓት ነው።

እርጥብ መጠለያ

የሳጥኑ አየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይስማማዋል። በክረምት ቤታቸው በማሞቂያ የሚሞቅ ሰዎች ግን የእርጥበት መለኪያቸውን ደጋግመው ይመልከቱ፤ ማሞቂያ አየሩን ከበረሃ ባልተናነሰ ያደርቃል። መፍትሔው ሳጥኑን በሙሉ በውሃ መርጨት አይደለም። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ንጣፍ የሆድ ቆዳውን ያቆስላል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ የሳንባ ሕመምም ያመጣል።

የሚሻለው አንድ እርጥብ ጥግ መስጠት ነው። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይውሰዱና በጎኑ እባቡ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያብጁለት፤ ጠርዙ እንዳይቆርጠው ያለስልሱት። ውስጡን ውሃ ተነክሮ እስኪበቃው በተጨመቀ የወረቀት ፎጣ ወይም ስፋግነም ሞስ በሚባለው ተክል ይሙሉት። ሲጨብጡት የማይንጠባጠብ ከሆነ ልኩ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይለውጡት። ግልገሉ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል።

ምግብም ውሃ ነው፤ ግን አይበቃም

ግልገሉ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ አንዴ ገና ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ይበላል። የምትሰጠው ከገላው ወፍራም ቦታ የማትበልጥ ትሁን። በማቀዝቀዣ በረዶ ሆና የተቀመጠችው በሙቅ ውሃ ሙሉ በሙሉ ሟሙታና ሞቃ ትቅረብ። የአይጥ ገላ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ምግቡ ለእባቡ እርጥበት ይጨምርለታል፤ ይሁንና ምግብ መፍጨትም ራሱ ውሃ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የመጠጥ ውሃን አይተካም።

ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት አይነካ። ከበረደው ወይም ከተንገላታ የበላውን ይተፋል፤ ሲተፋም ምግቡን ብቻ ሳይሆን ብዙ ፈሳሽ ያጣል። ይህ ከደረሰ ሙቀቱን መርምሮ ንጹሕ ውሃ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ከ10 እስከ 14 ቀን ታግሶ ከቀድሞው ያነሰ ምግብ መስጠት ነው።

የውሃ ማነስ ምልክቶች

የተጠማ እባብ አይጮህም፤ ገላው ግን ይናገራል። ቆዳው ይጨማደዳል፤ በቀስታ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። በአፉ ውስጥ ያለው ምራቅ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ነጩ የሽንት ክፍል ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ኖራ ጠጠር ይደርቃል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መመዘንም ዓይን የማያየውን ያሳያል፤ በ10 ግራም ገላ ላይ የአንድ ግራም ቅናሽ ቀላል ነገር አይደለም።

ምልክቱ መለስተኛ ከሆነ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ በሞቀ፣ ከገላው ግማሽ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ማቆየት ይረዳል። ዕቃው አየር የሚያስገባ ይሁን፤ ለአፍታም ብቻውን አይተው። ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ አድርቆ ወደ ሙቅ ቦታው መመለስ ነው። ይህ ማስታገሻ ነው እንጂ የየዕለት ልማድ አይሁን፤ ደጋግሞ የሚያስፈልግ ከሆነ ጉድለቱ ሳጥኑ ላይ ነው።

በአንድ ወይም በሁለት ቀን ለውጥ ካልታየ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ አረፋ ካወጣ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም ደጋግሞ ከተፋ፣ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፈሳሽ በመርፌ ሊሰጠው ይችላል፤ በቤት ውሃ በጉሮሮው በኃይል ማፍሰስ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

ለቤተሰቡም ጥንቃቄ

ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ሊይዙ ይችላሉ። እባቡን ወይም ዕቃውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውሃ ዕቃው ምግብ በሚዘጋጅበት ገንዳ አይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት፣ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ባሉበት ቤት እባብ ባይገባ ይመረጣል። ግዢውም ጥንቃቄ ይሻል፤ አብዛኞቹ የቦአ ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ ሕጋዊ በሆነ መንገድ በሰው እጅ የተወለደውን መግዛት ተገቢ ነው፤ ከቆላ ተይዞ የመጣው ለእንስሳውም ለአገሩም ጉዳት ነው።

ቆዳው ሲወልቅ

ግልገሉ እያደገ ሲሄድ በየወሩ ገደማ ቆዳውን ይቀይራል። መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኖቹ ወተት የተቀባ ይመስላሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ ይጠራል፤ ከዚያ ቆዳው ይወልቃል። በዚህ ጊዜ አይመግቡት፣ አይንኩት፤ እርጥብ መጠለያው ግን ከአጠገቡ አይጥፋ። ውሃ ያነሰው እባብ ቆዳው ተቆራርጦ ይቀርበታል። በጭራው ጫፍ ቀለበት ሠርቶ የቀረ ቆዳ ደም እንዳይዘዋወር ያንቃል። የዓይን ሽፋኑ ካልወለቀም በጥፍር መላጥ ዓይኑን ያጠፋል፤ እርጥብ መጠለያው ውስጥ ታግሶ ማቆየት፣ ካልሆነም ሐኪም ማሳየት ይገባል።

ቆዳው አንድ ወጥ ሆኖ ሲወልቅ አይጣሉት። ቀስ ብለው ይዘርጉትና ብርሃን ላይ ይያዙት፤ እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍኑት ሁለት ጥቃቅን የመስታወት ክቦች ከቆዳው ጋር መውጣት አለባቸው። ከራሱ እስከ ጭራው ጫፍ ሳይቀደድ፣ ሁለቱም ክቦች በቦታቸው ካሉ፣ ግልገሉ ባለፉት ሳምንታት ውሃ አልጎደለበትም ማለት ነው።