ተጨማሪ መረጃ፦ አምፕሊፋየሩ ለምን ይጠፋል?

ሙዚቃው ከፍ ሲል የመኪናው አምፕሊፋየር ድንገት ከጠፋ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ራሱን አምፕሊፋየሩን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሽቦው ነው። አምፕሊፋየር ሦስት መስመር ይፈልጋል፦ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ 12 ቮልት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ግራውንድ፣ እና ቴፑ ሲበራ አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳ ቀጭን የሪሞት ሽቦ። ጨርሶ አልበራም ካለ ሪሞቱንና ፊውዙን በመልቲሜትር ለኩ፤ በዓይን ደህና የሚመስል ፊውዝ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

አታላዩ ግራውንዱ ነው። በቀለም ወይም በዝገት ላይ የታሰረ ሽቦ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖረው፣ 40 አምፔር ሲያልፍበት በኦም ሕግ መሠረት 4 ቮልት ይበላል። ከ12.6 ቮልት የሚተርፈው 8.6 ነው፤ ብዙ አምፕሊፋየሮች በዚህ መጠን ይጠፋሉ። ሙዚቃው ተዘግቶ ቢለካ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ከረንት ካልፈሰሰ የሚወድቅ ቮልቴጅ የለምና። ስለዚህ ቤዙ እየመታ ሳለ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ግራውንድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ እንደገና እሰሩ። ፊውዙ ደጋግሞ ቢቃጠልም በትልቅ አትተኩት፤ ሽቦው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።