የሰጠነው ፎቶ ይተርፋል

ዛሬ ስለ ፎቶ ላወጋችሁ ነው፡፡ «ደግሞ ስለ ፎቶ ምን ወሬ አለ?» እንዳትሉኝ! በየኪሳችን ካሜራ ይዘን በምንዞርበት በዚህ ዘመን፣ ለወዳጃችን በእጁ የምንሰጠው አንዲት ፎቶ ያለን ስንቶቻችን ነን? እስቲ ቦርሳችሁን ፈትሹ፡፡ ከመታወቂያ የተረፈች ጉርድ ፎቶ ካልሆነች ሌላ የለም አይደል? እኔም እንደናንተው ነበርኩ፡፡

ነገሩን ያስነሳችብኝ አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ናት፡፡ ስሟ ይቆየን፡፡ አንድ ቀን ማታ ታክሲ ለመሳፈር ስትጋፋ ሞባይሏን ይሰርቋታል፡፡ ስልኩስ ስልክ ነው፤ ይተካል፡፡ የማይተካው ውስጡ ያለው ነው፡፡ እናቷ ከማረፋቸው በፊት ያነሳቻቸው ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ፡፡ ሌላ ቦታ አልገለበጠቻቸውም፡፡ «ቤት ያለው አልበምስ?» ካላችሁ፣ እሱም ከዓመታት በፊት ቤት ሲቀይሩ ዝናብ መትቶት፣ ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ተበላሽተዋል፡፡ ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች፡፡

«የእማዬ መልክ ቀስ እያለ ይጠፋብኛል ብዬ ነው የፈራሁት» አለችኝ፡፡

ከወራት በኋላ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ የእናቷን የትምህርት ቤት ጓደኛ ልትጠይቅ ሄደች፡፡ ሴትየዋ ቡና እያፈሉ ጨዋታ ሲነሳ፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ፡፡ ከመሐል አንዲት ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዟ ነጭ የሆነ ፎቶ መዘው ሰጧት፡፡ አፍሮ ያደረገች የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ ፈገግ ብላለች፡፡ እናቷ ናቸው! ገልብጣ ስታየው ጀርባው ላይ በእናቷ የእጅ ጽሑፍ፣ «ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፡- እኔ ስርቅሽ ይህች ትቅረብሽ፡፡ ሰኔ 1975 ዓ.ም.» ይላል፡፡

ልብ በሉ ወዳጆቼ! እናትየው ለራሳቸው ያስቀመጡት ጠፋ፤ ለሰው የሰጡት ተረፈ፡፡

ያኔ ፎቶ ስጦታ ነበር

ታላላቆቻችን እንደሚያወጉን፣ በነሱ ጊዜ ፎቶ መነሳት ቀጠሮ ነበረው፡፡ ለበዓል፣ ለምረቃ ወይም ለስንብት ፀጉር ተበጥሮ፣ ልብስ ተተኩሶ ፎቶ ቤት ይኬዳል፡፡ ከዚያ እስኪታጠብ ድረስ ቀን ይቆጠራል፡፡ ታዲያ አንድ ብቻ አይታጠብም፤ አንዷ ለቤት፣ አንዷ ለጓደኛ፣ አንዷ ደግሞ... ለሚታወቀው ሰው፡፡ ፍቅረኞች ሲጣሉም የመጀመሪያው ጥያቄ «ፎቶዬን መልስልኝ!» ነበር፡፡

ፎቶዎቹ ትንንሽ የሆኑት በምክንያት ነው፡፡ ትንሽ ወረቀት ርካሽ ነው፡፡ ደግሞም ስድስት በስድስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጋቲቭ ማጉያ ሳያስፈልገው ወረቀት ላይ ተደርቦ፣ መስተዋት ተጭኖበት በራሱ ልክ ይታተማል፡፡ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ለመግባትና ከደብዳቤ ጋር በፖስታ ለመላክም ይመቻል፡፡

ጨለማ ክፍል ገባን

ጓደኛዬ ፎቶዋን ለእህት ወንድሞቿ ማባዛት ፈለገች፡፡ በሞባይል አንስቶ መላክ ይቻል ነበር፡፡ «እንደገና ስልክ ውስጥ? አይሆንም!» አለች፡፡ ሰፈራችን ውስጥ ፎቶ ቤታቸውን ከዘጉ የቆዩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ማጉያቸው ግን አሁንም ጓዳቸው ውስጥ ነው፡፡ ወረቀቱን አክስቷ ከአሜሪካ አመጡላት፡፡ ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 ቢሆንም፣ የእንግሊዙ ኢልፎርድ ዛሬም ይሠራል፡፡ የሚያመጣላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ፓኬቱ ብርሃን ላይ እንዳይከፈት አደራ በሉት፡፡ አንዴ ከተከፈተ አለቀለት!

ጋሼ ፎቶዋን በድሮ ካሜራቸው መልሰው አንስተው ነጋቲቭ አወጡላት፡፡ ከዚያ በቀይ አምፖል ብርሃን ሥራ ተጀመረ፡፡ ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አይነካውም፡፡ መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ሰከንድ እያሉ ሞከሩና የቱ እንደሚሻል አዩ፡፡ ቀጥሎ ሙሉው ወረቀት ብርሃን ተቀብሎ የመጀመሪያው ትሪ ውስጥ ገባ፡፡

ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም፤ ነጭ ወረቀት ብቻ፡፡ ከዚያ የሚጠቁረው ቀድሞ መጣ፤ መጀመሪያ አፍሮው፣ ቀጥሎ ቅንድብና ዓይን፣ በመጨረሻ ፈገግታው፡፡ ጓደኛዬ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች፡፡ ልታወጣው እጇን ስትሰድ ጋሼ ያዟት፡፡

«አትቸኩይ ልጄ፡፡ ሳይደርስ ካወጣሻት ገርጥታ ትቀራለች» አሏት፡፡

አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆየ፡፡ ከዚያ ሁለተኛው ትሪ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ ሦስተኛው ሃይፖ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ፣ በመጨረሻ በሚፈስ ውሃ ማጠብ፡፡ ሃይፖው በደንብ ካልታጠበ ፎቶው ውሎ አድሮ ይበልዛል፤ ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም፡፡ ስድስት ፎቶ አትመን የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልናቸው፡፡

እናንተስ?

ጨለማ ክፍል የግድ አያስፈልግም፡፡ ስልካችሁ ውስጥ ካሉት ሺህ ፎቶዎች አሥር ብቻ ምረጡ፡፡ መምረጡ ራሱ ብዙ ያስተምራል፤ የምትወዱት ማን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል፡፡ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ በትንሽ መጠን፣ በፎቶ ወረቀት አሳትሙ፡፡ ስክሪን ላይ ደህና የመሰለ ፎቶ ሲታተም ሊጨልም ስለሚችል መጀመሪያ አንድ ብቻ ሞክሩ፡፡ ጀርባው ላይ ሳትጫኑ ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉ፡፡ አንዲት መስመር የልባችሁን ቃል ጨምሩበት፡፡ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ጀርባው ላይ መጻፍ ሊያምራችሁ ይችላል፡፡

ከሁሉ በላይ ግን ስጡት! ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ክፍለ ሀገር ላለው አጎታችሁ ስጡ፡፡ አንድ ቀን የእናንተ ቢጠፋ፣ የሆነ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጠብቃችኋል፡፡

የጓደኛዬ ነገር እንዴት አለቀ? ከስድስቱ አንዷን ለራሷ አስቀርታ፣ አራቱን ለእህት ወንድሞቿ፣ አንዷን ለጋሼ ሰጠች፡፡ ዋናዋን ፎቶ ግን ደብረ ብርሃን ተመልሳ ለእናቷ ጓደኛ አስረከበች፡፡ ሴትየዋ «ያንቺ ናት፣ ውሰጃት» ቢሏት አሻፈረኝ አለች፡፡

«እማዬ የሰጠችው ለርስዎ ነው» አለቻቸው፡፡