ቅጣቱ ከስሙ በፊት ይጻፍ

በጌዴኦ ዞን ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ዲላ አምሽታ ነው የምትተኛው። ከይርጋጨፌና ከወናጎ አቅጣጫ የጭነት መኪና ይገባል፣ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ምግብ ቤቱም መጠጥ ቤቱም ይሞላል። የእግር ኳሱ ውድድር የሚሟሟቀውም በዚሁ ሰሞን ነው። ከካምፕ ወጥቶ ያመሸ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ የተጣላ፣ ልምምድ የቀረ፣ ቲክቶክ ላይ አጉል ነገር የተናገረ ተጫዋች ጉዳይም ወደ ጠበቃ ቢሮ መምጣት የሚጀምረው ያኔ ነው።

የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ በሥራው የሚያያቸው የቅጣት ደብዳቤዎች፣ ክለቡ የየትም ይሁን የየት፣ መልካቸው አንድ ነው። አርማ ያለበት ወረቀት፣ ክብ ማኅተም፣ ከግርጌው የግልባጭ ዝርዝር። መሐሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ከክለቡ ሥነ ምግባር ውጭ በመንቀሳቀስዎ ከዛሬ ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ ታግደዋል። ምን ተደረገ? መቼ? ማን አየ? የትኛው የመመሪያ አንቀጽ ተጣሰ? ደብዳቤው አይናገርም። ተጫዋቹ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ የሚያነሳው ግን ይህን አይደለም። ጥፋቱን ብዙ ጊዜ ያምናል። የሚጠይቀው «እከሌስ?» ብሎ ነው። በዚያው ምሽት አብሮት ያመሸው፣ ቅዳሜ ግን በቋሚ አሰላለፍ የገባው አጥቂስ ምን ተባለ?

አንዳንድ የክለብ ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ምቀኝነት ይሉታል። አይደለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲባል የኖረው ሰው የሚያንገበግበው የቅጣቱ መጠን ብቻ ስላልሆነ ነው። የሦስት ሳምንት እገዳ ተቀብሎ ጸጥ ብሎ የሚቀጣ ተጫዋች አለ፤ የአንድ ቀን እገዳ ከክለቡ ጋር ለዘለዓለም የሚያቆራርጠውም አለ።

ሜዳ ውስጥ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች በቀጣዩ ጨዋታ እንደማይሰለፍ ዲላ ስታዲየም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያይ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አምበል ይሁን ተጠባባቂ ለውጥ የለውም። ከሜዳ ውጭ ሲሆን ግን ዳኛው የጨዋታ መርሐ ግብሩ ይሆናል። በቦታው ተቀያሪ ያለው ይታገዳል፣ ተቀያሪ የሌለው ይመከራል። ቡድኑ ላለመውረድ ሲታገል ጥፋት ይቀላል፤ ነጥብ ሲበቃው ይከብዳል።

የአገራችን ስፖርት በዚህ በኩል የቆየ ቁስል አለው። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5 ሺህ ሜትር ውድድሩ አመለጠው። ለምን እንዳመለጠው እስከ ዛሬ የተለያየ ነገር ይነገራል። ነገሩ ሳይጣራ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ የጠበቀው እስር ነበር። ከዚያ ወጥቶ በ1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በ10 ሺህ ወርቅ፣ በ5 ሺህ ብር አመጣ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ በሁለቱም ርቀት ወርቁን ወሰደ። ይህ ታሪክ ሲወሳ ሁልጊዜ ሞስኮ ላይ ያበቃል፣ ድሉ እስሩን የካሰው ይመስላል። ግን ምሩፅ ሞስኮ ላይ ባያሸንፍስ ኖሮ? እስሩ ያኔም ልክ አይሆንም ነበር። ሰው ሳይሰማ መቀጣቱ በደል የሚሆነው በኋላ ጀግና ስለሚሆን አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2004 ዓ.ም.፣ ለንደን ኦሊምፒክ ወራት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ አልተገኙም ያላቸውን ከ30 በላይ አትሌቶች አገደ። ቀነኒሳ በቀለም ከታገዱት አንዱ ነበር። በአንድ በኩል ሲታይ ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱና ገና ስሙ ያልተሰማው ወጣት በአንድ ዝርዝር ላይ ሰፍረዋል። በሌላ በኩል እገዳው ብዙ ሳይቆይ ተነሳ፣ ቀነኒሳም ለንደን ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ አራተኛ ወጣ። ከባድ እገዳ ተጥሎ በንግግር የሚነሳ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው አትሌት እገዳውን እንደ ድርድር መክፈቻ ነው የሚያየው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለሁሉም እኩል የተጣለ ቀላል ቅጣት፣ እስከ መጨረሻው ከተፈጸመ፣ ከዚህ ይሻላል።

ከሜዳ ውጭ ለሚፈጸም ጥፋት ሁሉን እኩል የመቅጣትን ጉዳይ በአደባባይ አብጠርጥሮ የተከራከረ ስፖርት ቢፈለግ የአውስትራሊያው ራግቢ ሊግ ይገኛል። በእኛ አገር ብዙ አይታወቅም፤ በአንድ ወገን 13 ተጫዋች የሚሰለፍበት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ጨዋታ ነው። የሊጉ ተጫዋቾች ከሜዳ ውጭ በሚፈጽሙት ጥፋት ስማቸው ደጋግሞ ሲነሳ ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መስመር አሰመረ። በሕግ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች፣ ጥፋተኛ ሳይባል፣ ደመወዙ ሳይቋረጥና ልምምዱን ሳይከለከል፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከጨዋታ ይርቃል። ኮከብ ነው ወይ፣ ዋንጫ ደርሷል ወይ የሚል ጥያቄ የለም።

ሕጉ መጀመሪያ የነካው ጃክ ዴቤሊን የተባለውን ተጫዋች ነው። ክሱን ክዶ ተከራከረ፣ እገዳውንም ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስዶ ተረታ። የወንጀል ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ከተራ ዜጎች በተውጣጣ የፍርድ ጉባኤ (ጁሪ) ፊት ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ፣ በሁለተኛው ከአንዱ ክስ ነጻ ከመባሉ በቀር፣ ስምምነት ላይ ሳይደረስ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐቃቤ ሕግ የቀረውን ክስ አነሳ። ሰውየው ሳይፈረድበት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን አልፎታል። ለኳስ ተጫዋች ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል አያልፈውም። ቢሆንም መስመሩ የተሰመረው ለሁሉም በመሆኑ «ለእኔ ብቻ» የሚያሰኝ አልነበረም። ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግም ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ደመወዙ እንዳይቋረጥ የተደረገውም ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

የዚያው ሊግ ሌላ ታሪክ ለእኛ ክለቦች ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ የእንቅስቃሴ ገደብ ጊዜ ተጫዋቾቹ ላትሬል ሚቼልና ጆሽ አዶ ካር ከጓደኞቻቸው ጋር ገጠር ወጥተው ካምፕ ሲያደርጉ ታዩ፤ ከፊሉ በገደብ የተያዘ የ50 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት በእያንዳንዳቸው ላይ ተጣለ። ሌላው ተጫዋች ናታን ክሊሪ ደግሞ ሴት እንግዶችን ቤቱ ተቀብሎ ነበርና መጀመሪያ 10 ሺህ ተባለ። ከዚያ የቲክቶክ ቪዲዮ ወጣ፣ ለመርማሪዎቹ እውነቱን አለመናገሩ ታወቀ፣ ቅጣቱም 30 ሺህ ዶላርና የሁለት ጨዋታ እገዳ ሆነ። ልዩነቱ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በዚያ አገር ጦፎ ነበር። ሆኖም ክርክሩ የተቻለው መጠኑም ምክንያቱም በይፋ ስለተነገረ ነው። ቅጣቱ ሲጨምር ለምን እንደጨመረ ይታወቃል፦ ለጥፋቱ ይህን ያህል፣ ለውሸቱ ይህን ያህል። «ላልተወሰነ ጊዜ ታግደዋል» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ተጫዋች ግን የሚከራከርበት ነገር እንኳ አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ የክለብ አመራሮች ደጋግመው የሚዘነጉት አለ፤ ክለብ አሠሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል የሚያቋርጥባቸውን ምክንያቶች አንቀጽ 27 ላይ ዘርዝሯል። ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበትም መብቱ ይቀራል። ስለዚህ በኅዳር የታወቀን ጥፋት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ፣ ቡድኑ ተጫዋቹን በማይፈልግበት በግንቦት አውጥቶ ማሰናበት አይቻልም። ከደመወዝ የሚቆረጠውንም አንቀጽ 59 ገድቦታል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቆረጥም፣ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። «የሁለት ወር ደመወዙ ይቀጣ» የሚሉ ውሳኔዎች ግን አሁንም ይጻፋሉ።

ደመወዝ ከተነሳ ደግሞ የሚከብደው ይመጣል። ለወራት ያልከፈለ ክለብ ሁለት ልምምድ የቀረ ተጫዋችን በምን ፊት ይቀጣል? በፊፋ የተጫዋቾች ደንብ መሠረት የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ደንቡ የአሠሪውንም ጥፋት ጥፋት ብሎ ይጠራዋል። በሚዛን ላይ ሁለቱም ወገን ካልተቀመጠ ዲሲፕሊን የሚባለው ነገር ጉልበት ብቻ ነው።

ስለ ሴቶቹም መናገር ግድ ነው። ጌዴኦ ዲላ በኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የዞኑን ስም ይዞ የተጫወተ ቡድን ነው፤ ከተማዋ የሴት ተጫዋች ሥራ ምን እንደሆነ በቅርብ ታውቃለች። በየከተማው ካምፖች ያለው ልማድ ግን ሁለት መለኪያ ነው። ወንዱ ሲያመሽ «ልጅነት ነው» ይባላል፤ ሴቷ ስታመሽ ቤተሰብ ድረስ ይደወላል። ያው ሰዓት፣ ያው በር፣ ያው ዘበኛ። አንዲት ተጫዋች በስልኳ ያነሳችው ፎቶ የክለብን ስም ያጠፋል ተብሎ ስትገሠጽ፣ ተመሳሳዩን የለጠፈ ወንድ ተጫዋች ማንም አላየውም። የካምፕ ደንብ ሲጻፍ «ተጫዋች» ብሎ ጽፎ ለሁለቱም እኩል ማዋል ምን ያህል ይከብዳል?

ጌዴኦ ፍርድን በአደባባይ የማየት ልማድ ያለው ሕዝብ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲወሳ ከደኑና ከትክል ድንጋዩ ጎን የሚነሳ አንድ ሥርዓት አለ፤ ሶንጎ። ሶንጎ ላይ የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሽማግሌዎች ያደምጣሉ፣ ሌላው ይሰማል። ለክለቦች የሚጠቅመው ይህ የመደመጥ ልማድ ነው። ሽምግልና በክለብ ውስጥ ሲሠራበት የሚታየው ግን ባመዛኙ በሌላ መልኩ ነው፤ ለኮከቡ ሽማግሌ ይላክለታል፣ ለተጠባባቂው ደብዳቤ ይላክለታል። እርቅ ለሁሉም ክፍት ካልሆነ ለአንዳንዱ ማምለጫ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዝውውር ፊርማ የሚካሄደው በክረምት ነው። ማን ምን እንደሚያጠፋ፣ ማን ጎል አግቢ እንደሚሆን ገና የማይታወቅበት ጊዜ ነውና የቅጣት ሠንጠረዥ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንድ ገጽ ይበቃል። ከካምፕ ማምሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ምን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ምን፤ ድብድብ ምን፤ ፖሊስ የያዘው ጉዳይ ሲሆን እስከ ውሳኔ ድረስ ምን። ከቅጣቱ በፊት ተጫዋቹ በጽሑፍም በቃልም መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቀመጥ። ይግባኙን የሚያየው ሰው የቀጣው ሥራ አስኪያጅም፣ ለቅዳሜ አሰላለፍ የሚጨነቀው አሠልጣኝም መሆን የለበትም። ገጹ ከውሉ ጋር ተያይዞ ሁሉም ይፈርምበት፤ ጌዴኡፋ የሚቀለው በጌዴኡፋ፣ አማርኛ የሚቀለው በአማርኛ ይነበብለት።

በዚሁ ገጽ ላይ አብዛኛው ክለብ የማይጽፈው አንድ መስመርም ይጨመር፦ ከተጫዋች የተቆረጠው የቅጣት ገንዘብ የሚገባበት ሒሳብ። ዛሬ ይህን ሲጠየቁ የክለብ ሒሳብ ሠራተኞች የሚሰጡት መልስ ከክለብ ክለብ ይለያያል። ከወንዶቹም ከሴቶቹም ቡድን የተቆረጠው በአንድ ሒሳብ ገብቶ ለተጎዱ ተጫዋቾች ሕክምና ቢውል፣ በየሩብ ዓመቱም ዝርዝሩ በካምፑ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ «እከሌስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች መልሱን እዚያው ያነበዋል።